ጓርኒሲዮኑን በስሙ ስጠራው፦ የአንድ ኮሮላና የአንዲት ቢጫ መብራት ጉዳይ

ጥር ወር ነው፤ ሜሪላንድ። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ማለዳ ወደ ሥራ ልሄድ ወጥቼ የኮሮላዬን ቁልፍ አዞርኩ። ሞተሩ ተነሳ። ግን የማላውቀው የማቃሰት ድምፅ አወጣ። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጠፋ። ድምፁ ቢጠፋም ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የቼክ ኢንጂን መብራት በርታ ቀረች።

መኪናዋ የ2006 ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ 1.8 ሊትር፣ አውቶማቲክ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ሁለተኛ እጅ ነው የገዛኋት። ልጆቼን ትምህርት ቤት ያመላለሰች፣ እኔን ለስንት ዓመት እንጀራዬ ላይ ያደረሰች መኪና ናት። በዚያ ላይ የጭስ ምርመራ ደብዳቤ ፖስታ ሳጥኔ ውስጥ ገብቷል። እኔ ያለሁበት አካባቢ መኪና በየ2 ዓመቱ ይመረመራል። ከ1996 ወዲህ የተሠራ መኪና ከሆነ ምርመራው ማሽን ከመሪው ሥር ካለው ሶኬት ላይ ሰክቶ ኮምፒውተሩን መጠየቅ ነው። ቢጫዋ መብራት በርታ ከተገኘች መኪናው ወደቀ ማለት ነው።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ የመኪናዋ ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አነበበና ኦክስጅን ሴንሰሮቹ (ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለኩት) ይቀየሩ፣ ከነሥራው 640 ዶላር አለኝ። ለምን ስለው «ኮዱ ነው እንዲህ የሚለው» አለኝ። ኮዱ እንዲህ አይልም። የችግሩን ምክንያት ያወቅኩት ግን ከ3 ሳምንት በኋላ ነው። የዚያን 3 ሳምንት ነገር ነው አሁን የምነግራችሁ፦ ምን ፈለግኩ፣ በነፃ የት አገኘሁ፣ የቱ ጋ ተሳሳትኩ። መረጃ አልጎደለኝም። የጎደለኝ የምፈልገው ነገር ትክክለኛ ስም ነበር።

የአባቴ ቃላት

አባቴ የኤንትሬ ሹፌር ነበር። ያቺን የፊያት ከባድ መኪና የሚያውቃት ያውቃታል። ከአዲስ አበባ አሰብ ሲመላለስ መኪናው በረሃ ላይ ቢቆም ጋራዥ የለም። ሹፌርና ረዳት ራሳቸው ፈትተው ራሳቸው ይገጥማሉ። ቤት ሲመጣም እጁ አያርፍም ነበር። እኔ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ ዕቃ አቀብለዋለሁ። «ካቻቪቴውን አምጣ። 13 ቁልፍ። ያን ዳዶ እንዳትጥለው፣ ክዳኑ ላይ አስቀምጠው።»

ስለዚህ እኔ መኪናን የማውቀው በጣልያንኛ ነው ማለት ይቻላል። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የአገራችን ጋራዥ ቋንቋው ይኸው ነው። ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ዲናሞ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ፣ ጓርኒሲዮን። ጣልያን ሄደ፤ የመኪናው ዕቃ ስም ግን እኛ ጋ ቀረ። ቶዮታውም ኒሳኑም ሲመጣ በዚያው ስም ጠራነው።

ኢንተርኔቱ ደግሞ አብዛኛውን ነገር በእንግሊዝኛ ነው የያዘው። ካንዴላ እዚያ ስፓርክ ፕለግ ነው። ሞተሪኖ ስታርተር፣ ፍሪሲዮን ክለች፣ ካምቢዮ ትራንስሚሽን፣ ኩሽኔታ ቤሪንግ፣ ቴስታታ ሲሊንደር ሄድ፣ ማርሚታ መፍለር፣ ጓርኒሲዮን (ሁለት ክፍሎች ሲጋጠሙ መሃል ገብቶ የሚዘጋው ማሸጊያ) ጋስኬት ይባላል። በተለይ ዲናሞ ያሳስታል፤ ቃሉ እንግሊዝኛም ውስጥ አለና። ግን እነሱ ዲናሞ ሲሉ ወይ በጣም የቆየ መኪና ላይ የነበረውን ነው፣ ወይ የብስክሌት መብራት የሚያበራውን። ዛሬ መኪናችን ላይ ያለውን አልተርኔተር ይሉታል። ከዓመታት በፊት የዚህችው መኪና ዲናሞ ደክሞ ስፈልግ፣ አንድ ሙሉ ምሽት የወጣልኝ የብስክሌት ዕቃ ነበር። ለካ ቃሉ ነው።

እንግሊዝኛውም ራሱ አንድ አይደለም። አሜሪካኖች ሁድ የሚሉትን የሞተር ክዳን እንግሊዞች ቦኔት ይሉታል። ቤንዚን እዚህ ጋዝ ነው፣ እዚያ ፔትሮል። የቡሎን መፍቻ ቁልፍ እዚህ ሬንች ነው፣ እዚያ ስፓነር። በአንዱ አጥታችሁ በሌላው የምታገኙት ብዙ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት

ኮዱን መልሼ ማስነበብ ነበረብኝ፤ ጋራዡ በወረቀት አልሰጠኝምና። እዚህ አገር እንደ አውቶዞን ያሉ የመለዋወጫ ሱቆች ኮድ በነፃ ያነባሉ። ልጁ መጥቶ ሰካና ፒ 0171 ብሎ ወረቀት ቆርጦ ሰጠኝ። ትርጉሙ፦ ሞተሩ ውስጥ የሚገባው አየር ከነዳጁ አንፃር በዝቷል። ይኸው ነው። ኮዱ ሕመሙን ይናገራል እንጂ መድኃኒቱን አያዝም። ኦክስጅን ሴንሰር የሚል ቃል የለበትም። እንዲያውም ሴንሰሩ «አየር በዛ» ብሎ ሥራውን ሠርቷል፤ የተናገረውን ትነቅለዋለህ እንዴ?

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ማታ ማታ ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። አንዱ ኦክስጅን ሴንሰር ቀይር ይላል። ሌላው የአየር መለኪያ ሴንሰሩን እጠብ ይላል። ሦስተኛው የነዳጅ ፓምፕ ነው ይላል። ሁሉም ኮሮላ ነው፣ ሁሉም ፒ 0171 ነው። ሁሉም ደግሞ «እኔ እንዲህ አድርጌ ዳነልኝ» ይላል። አይዋሹም፤ የነሱ መኪና በዚያ ድኖላቸው ይሆናል።

እኔም ርካሹን መረጥኩ። 10 ዶላር ገደማ የሆነ ማጠቢያ ስፕሬይ ገዝቼ የአየር መለኪያውን አጠብኩት። መብራቷን አስጠፋሁ። በ3ኛው ቀን ብርዱ ሲመለስ ድምፁም መብራቷም ተመለሱ።

ያኔ ነው ወደ ኋላ ተመልሼ ቪዲዮዎቹን በደንብ ያየኋቸው። አንዱ መሪው በቀኝ ነው፤ ለሌላ ገበያ የተሠራ መኪና ነው። ሌላው የ2009 ኮሮላ ነው። የ2009ኙም 1.8 ሊትር ነው፣ የእኔም 1.8 ሊትር ነው፤ ሞተራቸው ግን ፍጹም ሌላ ነው። የእሱ 2ዜድአር-ኤፍኢ ይባላል፣ የእኔ 1ዜድዜድ-ኤፍኢ። ይባስ ብሎ በራሱ በ2006 ዓመት ኤክስአርኤስ የተባለው ኮሮላ 2ዜድዜድ-ጂኢ የሚባል ሦስተኛ ሞተር ነው የተገጠመለት። እሱም 1.8 ሊትር! «2006 ኮሮላ 1.8» ብሎ መፈለግ አይበቃም ማለት ነው። የሞተሩ ስም የሞተር ክዳኑን ስትከፍቱ ተለጥፎ በሚታየው የጭስ መረጃ ወረቀት ላይ አለ። ፎቶ አንሱት። ስልካችሁ ላይ ይቀመጥ።

ከዚያ ወዲህ ፍለጋዬ ሁሉ የሚጀምረው በሞተሩ ስም ነው። ልዩነቱ ወዲያው ታየኝ።

የነፃ ፒዲኤፍ ጉዳይም አለ። «ሙሉ ማኑዋል በነፃ» የሚል ገጽ ከፍቼ መጀመሪያ ፕሮግራም ጫን አለኝ፣ ቀጥሎ የባንክ ካርድ ቁጥር ጠየቀኝ። ዘጋሁት። ነፃ ነው ብሎ ካርድ የሚጠይቅ ነፃ አይደለም።

17ቱ ፊደልና ቁጥር

ቀጥሎ የሄድኩት የመንግሥት ገጽ ላይ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር፣ በአጭሩ ኤንኤችቲኤስኤ፣ የማንኛውንም መኪና ሪኮል፣ ማለትም ፋብሪካው ጉድለት ስለተገኘ መኪናውን በነፃ ሊያስተካክል የጠራበትን ጥሪ፣ በነፃ ያሳያል። የሚጠይቀው ቪን የሚባለውን የመኪናውን መለያ ብቻ ነው። በሹፌር በኩል የፊት መስታወቱ ሥር ይነበባል፤ 17 ፊደልና ቁጥር ነው።

ቪኑ ራሱ ይናገራል። የእኔ በ2 ይጀምራል፤ ካናዳ የተሠራ ነው ማለት ነው። በ1 ቢጀምር አሜሪካ፣ በጄ ቢጀምር ጃፓን ነበር። 10ኛው ምልክት የሞዴሉን ዓመት ይነግራል። የእኔ 6 ነው፤ 2006።

እዚህ ገጽ ላይ የቸኮልኩት በምክንያት ነው። በ2010 ቶዮታ ከ2005 እስከ 2008 ያሉትን ኮሮላና ማትሪክስ፣ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ 1.13 ሚሊዮን ያህል መኪና፣ የሞተር ኮምፒውተራቸው ላይ ችግር ስለተገኘ ጠርቶ ነበር። ከምልክቶቹ አንዱ ይህችው ቢጫ መብራት ናት። የእኔ ያ ቢሆን ኖሮ የሚከፈል ነገር አልነበረም። የዚያው ዘመን ኮሮላ ታካታ የተባለው ኩባንያ በሠራቸው ኤርባጎች ምክንያት በተደረገው ትልቅ ሪኮል ውስጥም አለበት። ቁጥሩን አስገባሁ። ያልተሠራ ሪኮል፦ 0። የቀድሞው ባለቤት ሁሉንም አሠርቶታል። አላውቀውም፤ እግዜር ይስጠው።

ሁለተኛ እጅ መኪና የገዛ ወዳጅ ያላችሁ፣ ዛሬውኑ ይህን ቁጥር አስገቡለት። ስለ ገንዘብ አይደለም። የታካታው ኤርባግ ሲፈነዳ ብረት የሚበትን ነበር፣ ሰው ገድሏል።

እዚያው ገጽ ላይ ብዙ ሰው የማያየው ሌላ ክፍል አለ። ፋብሪካዎች ለጋራዦቻቸው የሚልኩት የቴክኒክ ማስታወቂያ ነው። ሪኮል አይደለም፤ «እንዲህ ያለ መኪና እንዲህ ያለ ምልክት ካሳየ እዚህ ጋ እዩ» የሚል የባለሙያ ምክር ነው። ለቆዩ መኪኖች ብዙ ጊዜ የሚታየው ማጠቃለያው ብቻ ነው። ቢሆንም ማጠቃለያው ራሱ ይመራል። የእኔን ሞተር ዝርዝር ወደ ታች ሳወርድ አንዱ ላይ ቆምኩ። 1ዜድዜድ-ኤፍኢ። ሞተር ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ የሚሰማ ድምፅ። ፒ 0171። ጋስኬት።

ጋስኬት። ጓርኒሲዮን! የሰማሁት ድምፅ፣ የወጣው ኮድ፣ ብርዱ፣ ሁሉም አንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ተቀምጠዋል። ከዓመታት በፊት ተጽፎ።

ላይብረሪዋ

ሙሉውን ለማንበብ ወደ ካውንቲያችን ላይብረሪ ሄድኩ። ለልጆቹ መጽሐፍ እንጂ ለመኪና ሄጄ አላውቅም ነበር። የላይብረሪ ሠራተኛዋ መኪናውንና ሞተሩን ጠየቀችኝ። ከኮምፒውተሩ ላይ አንድ የመኪና ጥገና ዳታቤዝ ከፈተችልኝ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የሕዝብ ላይብረሪዎች ለአባሎቻቸው እንዲህ ያለ ነገር ይከፍላሉ። አንዱ ቺልተን ላይብረሪ የሚባለውን ይይዛል፣ ሌላው አውቶ ሪፔር ሶርስ የሚባለውን። ስሙ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው፦ አፈታቱ በሥዕል፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ ቡሎኑ በስንት ኃይል እንደሚጠብቅ፣ የፋብሪካው ማስታወቂያ። ከዚያ የሚገርመኝን ነገረችኝ፤ በካርዴ ቁጥር ከቤቴም መክፈት እችላለሁ።

ስንት ዓመት ሙሉ ያ ካርድ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ማስታወቂያውን አነበብኩት። የኢንቴክ ማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም አየሩን ለ4ቱ ሲሊንደር በሚያከፋፍለው የፕላስቲክ ክፍልና በቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ በሚከድነው ብረት) መካከል ያለው ጎማ፣ በብርድ ጊዜ በደንብ አይዘጋም። በዚያ ቀዳዳ ያልተለካ አየር ይገባል። ሞተሩ ሲሞቅ ይሻላል። መፍትሔው የተሻሻለውን ጓርኒሲዮን መግጠም ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልናገር፣ ከልቤ ስለሆነ። ይህ መረጃ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ክፍት የሆነው እንዲሁ አይደለም። በ2003 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከጭስ ጋር የተያያዘውን የጥገና መረጃ ፋብሪካዎቹ በኢንተርኔት ለማንም እንዲያቀርቡ ደነገገ፣ በተመጣጣኝ ዋጋ። በ2012 የማሳቹሴትስ ሕዝብ የመጠገን መብት ለሚባለው ሕግ በሰፊ ልዩነት ድምፁን ሰጠ። በ2014 መጀመሪያ ላይ ፋብሪካዎቹ ያንን በመላ አገሪቱ ለመተግበር ተስማሙ። በ2020 እዚያው ስቴት መኪናው በሽቦ አልባ የሚልከውን መረጃ የሚመለከት ሌላ ድምፅ ተሰጥቶ እሱም አለፈ። ለዚህ ነው ዛሬ የቶዮታን የራሱን የጥገና ገጽ እንኳ ማንም ሰው ለ2 ቀን ብቻ ከፍሎ ሊገባበት የሚችለው። እኔ አልደረስኩበትም፤ ላይብረሪው በቃኝ። ግን መብቱ እንዳለ ማወቅ ያስደስታል። መኪናዬን የመጠገን መብት የመኪናዬ ባለቤት የመሆን ግማሹ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሽሮና ቁጥር

ማስታወቂያ ግን ጥርጣሬ ነው፣ ማስረጃ አይደለም። የእኔ መኪና በሽታ ያ መሆኑን ማረጋገጥ ነበረብኝ፤ አለዚያ እንደ ቪዲዮዎቹ ሰዎች ገምቼ መቀየሬ ነው።

20 ዶላር በማይሞላ ዋጋ ከሶኬቱ ላይ የሚሰካ ትንሽ የብሉቱዝ ማንበቢያ ገዛሁ። ስልኬ ላይ ነፃ አፕ ጫንኩ። የምፈልገው አንድ ቁጥር ነው፤ ፉዌል ትሪም ይሉታል። እንዲህ ነው ነገሩ። ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ለ1 ኪሎ ነዳጅ 14.7 ኪሎ አየር ያስፈልጋል። አየሩ ሲበዛ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይጨምራል። ሽሮው ሲቀጥንባት እናታችን ዱቄት ጣል እንደምታደርገው ማለት ነው። ስንት እጅ ጨመረ የሚለውን ፉዌል ትሪም በፐርሰንት ይነግራል። ከዜሮ አጠገብ ሲሆን ጤና ነው። ዱቄት መጨመሩ በጣም ሲበዛ ኮምፒውተሩ «ከዚህ በላይ አልችልም» ብሎ መብራቷን ያበራል።

በማግስቱ ጠዋት በብርዱ አስነሳኋት። ቆማ ስትሠራ ቁጥሩ ፕላስ 24 ፐርሰንት። ቤንዚኑን ረገጥ አድርጌ ሞተሩን በደቂቃ ወደ 2500 ዙር አወጣሁት። ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደ፣ ፕላስ 6 ላይ ቆመ።

ይህች አንዲት ደቂቃ ሦስቱን ቪዲዮ ገላገለችኝ። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ሞተር ቆሞ ሲሠራ የሚስበው አየር ትንሽ ነው፤ ስለዚህ በቀዳዳ የሚገባው ትርፍ አየር ድርሻው ትልቅ ነው። ዙሩ ሲጨምር ሞተሩ ብዙ አየር ይስባል፤ የቀዳዳው ድርሻ ኢምንት ይሆናል። ቁጥሩ ዙር ሲጨምር ከተሻለ ቀዳዳ ነው። የነዳጅ ፓምፕ ቢሆን ወይም የአየር መለኪያው ቢቆሽሽ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ብዙ በተጠየቁ ቁጥር ይብስባቸዋል።

ቀዳዳው የቱ ጋ ነው? ብዙዎቹ ተቀጣጣይ ስፕሬይ እየረጩ ይፈልጋሉ። እኔ አልወደድኩትም፤ የጋለ ብረት አጠገብ እሳት መጫወት ነው። የአበባ ውኃ መርጫ ወሰድኩ። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እንዳለ ማኒፎልዱ ቴስታታውን በሚነካበት መስመር ላይ በጥቂቱ እፍ አደረግኩ። አንዱ ጫፍ ላይ ስደርስ ድምፁ ለቅጽበት ተለወጠ፣ ዙሩ ተስተካከለ። ውኃው ቀዳዳውን ለአፍታ ደፍኖት ነበር።

ቅዳሜ

ጓርኒሲዮኑን በቪን አስፈትሼ ገዛሁ፤ 20 ዶላር ብዙም አላለፈ። ቡሎን የሚያጠብቀውን ባለ ቁጥር ቁልፍ፣ ቶርክ ሬንች የሚሉትን፣ ከመለዋወጫ ሱቁ ተዋስኩ። መያዣ ታስይዛለህ፣ ስትመልስ ሙሉውን ይመልሱልሃል።

መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ። ከዚያ እያንዳንዱን ቱቦና ሶኬት ከመንቀሌ በፊት ፎቶ አነሳሁ። የምፈታቸውን ቡሎኖች በካርቶን ላይ የማኒፎልዱን ቅርጽ ስዬ በየቦታቸው ሰካኋቸው፤ አባቴ ክዳን ላይ ያስቀምጥ እንደነበረው። ቪዲዮ አሁን ነው የጠቀመኝ። መጽሐፉ «ቱቦውን አላቅቅ» ይላል በአንድ መስመር። ቪዲዮው ያ ቱቦ እንዴት እንደሚያስቸግር፣ እጅ ከየት በኩል እንደሚገባ ያሳያል። ቪዲዮን ምን እንደተበላሸ እንዲነግራችሁ አትጠይቁት፤ እጅ የት እንደሚገባ ጠይቁት።

ማኒፎልዱ ሲወጣ አሮጌውን ጎማ ከጎድጎዱ በጥፍሬ አነሳሁት። ደርቋል። ሳጥፈው አይመለስም። ጎድጎዱ ውስጥ ሳለ ከፕላስቲኩ እኩል ጠፍጥፎ ነበር። አዲሱን ስከተው ግን ከጎድጎዱ በላይ የጥፍር ውፍረት ያህል ከፍ ብሎ ቆመ። ጣቴን አሳለፍኩበት። ያቺ የጥፍር ውፍረት ናት እንግዲህ የጎደለችው። 640 ዶላር የተጠየቀባት።

ስገጥም የማጥበቂያው ቁጥር ላይ ሁለት ቪዲዮ ሁለት የተለያየ ነገር አሉኝ። የላይብረሪውን ወሰድኩ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፣ ሆን ብዬ ነው። በሞተርና በዓመት ይለያያል፤ የእኔን ይዛችሁ የራሳችሁን ፕላስቲክ ብትሰነጥቁ አዝናለሁ። በራሳችሁ ሞተር ስም ፈልጉት። ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በየተራ፣ በትንሽ በትንሹ ነው የሚጠብቀው።

አስነሳኋት። ሞተሩ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ልቤ ወረደ። ክዳኑ ላይ ተደግፌ የላይብረሪውን የቱቦ ሥዕል ከፎቶዬ ጋር አንድ በአንድ አስተያየሁ። ከኋላ በኩል አንዲት ቀጭን ቱቦ ሳትሰካ ቀርታለች። ሰካኋት፤ ሞተሩ ጸጥ አለ።

በሳምንቱ፣ በዚያው ብርድ፣ ቆማ ስትሠራ ቁጥሩ ፕላስ 3 ነበር። ድምፁም የለም።

ወደ ምርመራው ግን ወዲያው አልሄድኩም። ኮድ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻዎች ከዜሮ ይጀምራል፤ ሞኒተር ይባላሉ። ሳይጨርሱ ብትሄዱ ማሽኑ ያያቸዋል። ከ2001 ወዲህ ባለ መኪና በተለምዶ የሚፈቀደው ያላለቀ ሞኒተር 1 ብቻ ነው። «መብራቱን አጥፍተህ ቶሎ አሳየው» የሚለው ምክር ለዚህ ነው የማይሠራው። ከተማም ሀይዌይም አንድ ሳምንት ያህል ነዳኋት። አፑ ላይ ሁሉም ሲሞላ ሄድኩና አለፈች።

ወጪው ሲደመር፦ ጓርኒሲዮኑ፣ ማንበቢያው፣ ያለ ሥራው የገዛሁት ማጠቢያ፣ ሁሉም ከ60 ዶላር አልበለጠም። ጊዜው ግን ብዙ ነው። የ3 ሳምንት ማታ ማታና አንድ ሙሉ ቅዳሜ። ጊዜ የሌለው ሰው ደህና መካኒክ ቢከፍል አልፈርድበትም። ያን ሰው እንኳ ይህ መረጃ ይጠቅመዋል፤ ማስታወቂያውን አትሞ ይዞ ገብቶ «ይህን እዩልኝ» ማለት ይችላል። ኤርባግን ግን ማንም ቤቱ እንዳይነካ። በምንም ቪዲዮ።

ቪትዟ

ይህን ያወራሁት ለእህቴ ልጅ ነው፣ አዲስ አበባ። ቪትዝ አለው። በቴሌግራም ድምፅ ላከልኝ፦ «ጋሼ፣ የእኔንስ እንዴት ላግኘው? ቁጥሯን ሳስገባ ትክክል አይደለም ይለኛል።»

ትክክል ነው፣ አይቀበለውም። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና ባለ 17 ቪን የለውም፤ አጭር የሻንሲ ቁጥር ነው ያለው። የአሜሪካው ገጽ አያውቀውም። ግን ያ አጭር ቁጥር ራሱ ቁልፍ ነው። ከሰረዙ በፊት ያለው የሞዴሉ ስም ነው። ኤስሲፒ10 ከሆነ 1.0 ሊትር፣ ሞተሩ 1ኤስዜድ-ኤፍኢ ነው። ኬኤስፒ90 ከሆነም 1.0 ሊትር ነው፤ ሞተሩ ግን 1ኬአር-ኤፍኢ ነው። ያው የኔ ኮሮላ ነገር። ቪትዝ ብሎ መፈለግም ብዙ አያስገኝም፤ ስሙ የጃፓን ነው። አውሮፓ ውስጥ ያችው መኪና የተሸጠችው ያሪስ ተብላ ነው። ያሪስን ከሞተሩ ስም ጋር ሲጽፉት የእንግሊዞቹና የአውሮፓውያኑ ጽሑፍ ሁሉ ይከፈታል። ሲጽፍም በእነሱ ቃል ይሁን አልኩት፦ ቦኔት፣ ፔትሮል፣ ስፓነር። ርካሹ የብሉቱዝ ማንበቢያ ግን ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የቆዩ መኪኖች ላይ ላያነብ ስለሚችል፣ ሳይገዛ በሰው ማንበቢያ ይሞክር።

የደብተሬን ገጽ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት፤ በግራ የአባቴ ቃል፣ በቀኝ የኢንተርኔቱ ቃል። ማታ መልስ መጣ። የሻንሲ ቁጥሯን ፎቶ አንስቶ ልኳል፤ ጣቱ ላይ ጥቁር ዘይት አለ። ከሥሩ «ጋሼ፣ ባላንስዬሬ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው የሚሉት? እሱ አልተጻፈም» ይላል።

ደብተሩን አውጥቼ አዲስ መስመር ጀመርኩ።